ሌሊቱን ማን ይመዘግበዋል?

ክረምቱ አልፎ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባልበት ወር ገብቷል። ቀን ፀሐዩ ጃኬት ያስወልቃል፤ ማታ ደግሞ ጋቢ ያስደርባል። በብዙ ቤትም አንድ የታወቀ ክርክር ይነሳል። አንዱ «የልጆቹ ክፍል በረዶ ሆኗል» ይላል፤ ሌላው «ኧረ ይሞቃል፣ እንዲያውም መስኮቱን ትንሽ ክፈቱት» ይላል። አያት ካሉ «ዝም ብላችሁ ልጁን አልብሱት» ብለው ክርክሩን ይዘጉታል። ሁሉም የሚናገረው ግን ነቅቶ ሳለ የተሰማውን ነው። ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ ክፍሉ ምን ያህል እንደቀዘቀዘ የሚያውቅ የለም።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ሰዓት ነው። በተወሰኑ ቤቶች፣ በስጦታም ይሁን በግዢ የገባ ትንሽ የአየር ሁኔታ መለኪያ ይገኛል። ሁለት ዕቃ ነው፤ አንዱ ሳሎን ላይ የሚቀመጥ፣ ሰዓት የሚመስል ባለ ስክሪን፣ ሌላው በረንዳ ላይ ወይም ሌላ ክፍል ውስጥ የሚሰቀል፣ በባትሪ የሚሠራ ነጭ ሳጥን። ሳጥኑ ሙቀትና እርጥበት ለክቶ ያለ ሽቦ ለስክሪኑ ይልካል። ስክሪኑም ያሳያል። ችግሩ ስክሪኑ የሚያሳየው «አሁን»ን መሆኑ ነው። የተሻለው ዓይነት የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ቁጥር ይይዝ ይሆናል፤ ቅዝቃዜው ስንት ሰዓት ላይ እንደጀመረና ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ግን አይነግራችሁም።

ደስ የሚለው ነገር፣ ሳጥኑ የሚልከው ሲግናል ለዚያ ስክሪን ብቻ የተዘጋ አይደለም። ቤት ውስጥ ያለ ተራ ኮምፒውተር፣ አንድ ትንሽ መቀበያ ከተሰካለት፣ ሲግናሉን ሰምቶ ሌሊቱን ሙሉ ሊመዘግበው ይችላል።

ሳጥኑ ምን ብሎ ነው የሚያወራው?

ሸገር ኤፍኤምን በ102.1 ሜጋኸርዝ እንደምናገኘው ሁሉ፣ ብዙዎቹ እነዚህ ሳጥኖች 433.92 ሜጋኸርዝ ላይ ይገኛሉ። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አከፋፈል አውሮፓና አፍሪካ በአንድ ክልል ውስጥ ናቸው። በዚህ ክልል ከ433.05 እስከ 434.79 ሜጋኸርዝ ያለው ጠባብ መስመር አነስተኛ ጉልበት ያላቸው መሣሪያዎች የሚጋሩት ሰፈር ሆኖ ቆይቷል። የግቢ በር ሪሞት፣ የመኪና ቁልፍ፣ ገመድ አልባ የበር ደወል፣ የእኛም ቴርሞሜትር እዚያው ይጋፋሉ።

ሳጥኑ የሚልከው ድምፅ አይደለም። ማታ ከማዶ ሆኖ በእጅ ባትሪ ብልጭ ድርግም እያደረገ ምልክት የሚሰጥ ሰው አስቡ። ሳጥኑም ራዲዮውን እንደዚያው ያበራል፣ ያጠፋል። በርካታ ርካሽ ሳጥኖች የሚጠቀሙበትን ኔክሰስ የሚባለውን ስልት እንውሰድ። አንድ ሰከንድ ለሁለት ሺህ ቢከፈል አንዷን እጅ ያህል ጊዜ ብልጭ ይላል። ከዚያ ዝም ይላል። ዝምታው የሰከንድ አንድ ሺኛ ያህል ከሆነ «0» ማለት ነው፤ የዚያ እጥፍ ከሆነ «1» ማለት ነው። እንዲህ እየተባለ 36 ዜሮዎችና አንዶች ተደርድረው አንድ መልእክት ይሆናሉ። መልእክቱ በመንገድ እንዳይጠፋ ደግሞ በተከታታይ 12 ጊዜ ይደገማል።

በእነዚህ 36 ቦታዎች ውስጥ የሚገባው ነገር ይገርማል። የመጀመሪያዎቹ 8 የሳጥኑ መለያ ቁጥር ናቸው። አንዷ ባትሪው ጤነኛ መሆኑን ትናገራለች። ሁለቱ የቻናሉን ቁጥር ይይዛሉ። 12ቱ ለሙቀት፣ የመጨረሻዎቹ 8 ለእርጥበት ናቸው። ሙቀቱ የሚላከው በአሥር ተባዝቶ ነው፤ 18.4 ዲግሪ 184 ይሆንና 000010111000 ተብሎ ይጻፋል። ልጃችሁ በትምህርት ቤት የዜሮና የአንድ አቆጣጠር ከጀመረ አብራችሁ በወረቀት ሞክሩት። ከቀኝ ወደ ግራ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያላችሁ እጥፍ እጥፍ ቁጠሩ፤ አንድ ቁጥር ያረፈባቸው 8፣ 16፣ 32 እና 128 ሲደመሩ 184 ይመጣል። «ይህን የት ልጠቀምበት?» ለሚል ልጅ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ መልእክት ውስጥ የይለፍ ቃል የለም። ሳጥኑ በግልጽ ነው የሚናገረው። ወደዚህ ጉዳይ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለቴሌቪዥን የተሠራው ጆሮ

እንዲህ ያለ ሲግናል በኮምፒውተር መስማት ቀድሞ የባለሙያ ሥራ ነበር፤ መሣሪያውም ውድ ነበር። ነገሩ የተቀየረው በአውሮፓውያኑ 2012 ነው። ሪልቴክ የተባለው የታይዋን ኩባንያ፣ ላፕቶፕ ላይ ተሰክተው ዲጂታል ቴሌቪዥን ለሚያሳዩ ርካሽ የዩኤስቢ መቀበያዎች የሚሆን ቺፕ ሠርቶ ነበር። አንቲ ፓሎሳሪ የተባለ የፊንላንድ ፕሮግራመር ይህ ቺፕ ኤፍኤም ራዲዮ ለማሰማት ሲል ያልተተረጎመ ጥሬ ሲግናል ለኮምፒውተሩ እንደሚያቀብል አስተዋለ። ጥሬው ሲግናል ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ደግሞ ቴሌቪዥን ይሁን ኤፍኤም ይሁን ቴርሞሜትር፣ የሚተረጉመው ሶፍትዌሩ ነው። ለቴሌቪዥን የተሠራ ፍላሽ የምታክል ዕቃ እንዲህ ሆና ለብዙ ዓይነት ሲግናል ጆሮ ሆነች።

ዛሬ እነዚህ መቀበያዎች «አርቲኤል ኤስዲአር» በሚል ስም ለዚሁ ዓላማ ተብለው ተሠርተው ይሸጣሉ። ከ24 እስከ 1,700 ሜጋኸርዝ ገደማ ያለውን ይሰማሉ፤ የእኛ 433.92 መሐል ላይ ነው። ዕቃዋ መቀበል ብቻ እንጂ መላክ አትችልም።

ቀሪው ሥራ የሶፍትዌር ነው። ቤንጃሚን ላርሰን የተባለ ፕሮግራመር የጀመረው፣ በርካቶች በበጎ ፈቃድ ያሳደጉት «አርቲኤል 433» የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ከ200 በላይ ዓይነት መሣሪያዎችን ቋንቋ ያውቃል። ሲከፈት ማንም ሳይነግረው በቀጥታ 433.92 ላይ ያዳምጣል፤ የሰማውንም በተራ ጽሑፍ ያወጣል። ሰዓቱ ይህ፣ መለያ ቁጥሩ ይህ፣ ሙቀቱ 18.4፣ እርጥበቱ 61፣ ባትሪው ደህና። በቃ።

እኔ ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ስለዚህ አንድ ነገር ከገበያው በኩል ልበል። አሁን እየመጡ ያሉት ብዙ መለኪያዎች በዋይፋይ ተገናኝተው መረጃውን ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይልካሉ፤ እናንተም በስልክ መተግበሪያ መልሳችሁ ታዩታላችሁ። ምቹ ነው፤ አልክድም። በእኛ ሙያ ግን ደንበኛው በየወሩ ተመልሶ የሚከፍልበት ዕቃ አንዴ ከሚሸጥ ዕቃ ይበልጥ ይወደዳል። የልጃችሁ ክፍል ሙቀት የት እንደሚቀመጥ፣ ነፃ የተባለው አገልግሎት እስከ መቼ ነፃ እንደሆነ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። በራሳችሁ ኮምፒውተር የምትሰሙት ሲግናል ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ መዝገቡም ከቤት አይወጣም።

ምን ምን ያስፈልጋል?

ነገሩ ሲሰማ የሚከብደውን ያህል አይደለም። የሚያስፈልጉት አንድ ሳጥን፣ አንድ መቀበያ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ናቸው።

መጀመሪያ መቀበያውን ላፕቶፑ ላይ ሰኩ። ብትችሉ በአጭር የዩኤስቢ መቀጠያ ገመድ አርቁት፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ሲግናሉን ይረብሻል። ዊንዶውስ ላይ «ዛዲግ» በሚባል ትንሽ ፕሮግራም ትክክለኛውን ድራይቨር መጫን ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ከዝርዝሩ ውስጥ መቀበያውን እንጂ ማውሱን ወይም ኪቦርዱን እንዳትመርጡ፤ ከመረጣችሁ ማውሱ መሥራት ያቆማል። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ፕሮግራሙ በብዙዎቹ ዓይነቶች ከተለመደው የሶፍትዌር ማከማቻ በአንድ ትእዛዝ ይጫናል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ የአክስት ልጅ ካላችሁ፣ ለምሳ የምትጠሩበት ጥሩ ምክንያት ይሆናችኋል።

ስለ አንቴና አትጨነቁ። የ433.92 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 69 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሩቡ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ይመጣል። ከመቀበያው ጋር የሚመጣውን ተመዛዥ አንቴና እዚያ ድረስ ስቡትና አቁሙት። ሳጥኑና አንቴናው ተጠጋግተው እንዳይቀመጡ፤ ጆሮ ሥር እንደመጮህ ነው። በሌላ በኩል የኮንዶሚኒየም ብረት ያለው ኮንክሪት ሲግናሉን በጣም ስለሚያደክመው፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የርቀት ቁጥር ሜዳ ላይ እንደተለካ አድርጋችሁ ውሰዱት።

ፕሮግራሙን ስትከፍቱ ጥቂት ጠብቁ። ሳጥኖቹ ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ በአብዛኛው በደቂቃ አንድ ጊዜ ያህል ነው የሚናገሩት። የመጀመሪያው መስመር ብቅ ሲል ልጆቻችሁ አጠገባችሁ ይሁኑ። ከዚያ ፕሮግራሙን ውጤቱን በሠንጠረዥ ፋይል እንዲያስቀምጥ እዘዙት፤ ያ ፋይል በኤክሴል ይከፈታል። ላፕቶፑ ሌሊቱን ሙሉ እንዳይተኛ አድርጉ። መብራት ቢጠፋ ሳጥኑ በራሱ ባትሪ መናገሩን ይቀጥላል፤ የላፕቶፑ ባትሪ እስከቆየ ድረስም መዝገቡ አይቋረጥም።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ብዙዎቹ ሳጥኖች ባትሪ ሲቀየርላቸው መለያ ቁጥራቸውን ይቀይራሉ፤ ስለዚህ ቀኑን ማስታወሻ ያዙ። ሳጥናችሁ በአዝራር ቅርጽ ክብ ባትሪ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ክዳኑ በብሎን የሚዘጋ መሆኑን አረጋግጡ። እነዚያ ባትሪዎች በሕፃን ሲዋጡ ጉሮሮን በሰዓታት ውስጥ ሊያቃጥሉ ይችላሉ።

ሳጥኑን የት እንስቀለው?

ርካሽ ሳጥን ብዙውን ጊዜ በሙቀት አንድ ዲግሪ፣ በእርጥበት 5 በመቶ ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት ይችላል። ሁለት ሳጥን ካላችሁ የመጀመሪያውን ሌሊት ጎን ለጎን አሳድሯቸው። የአንድ ዲግሪ ልዩነት ካሳዩ ልዩነቱ የሳጥኖቹ እንጂ የክፍሎቹ አይደለም ማለት ነው፤ ኋላ ላይ እያሰባችሁ ትቀንሱታላችሁ።

የልጆች ክፍል ውስጥ ከመስኮትና ከውጭው ግድግዳ አርቁት፤ ልጁ በሚተነፍስበት ከፍታ ገደማ፣ እጁ ግን በማይደርስበት ቦታ አድርጉት። ውጭ ከሆነ ጥላ ውስጥ፣ አየር በሚዘዋወርበት፣ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አታስጠጉት፤ የቆርቆሮውን ሙቀት ነው የሚነግራችሁ። ከአውሮፓ የመጣ መመሪያ «በሰሜን በኩል ባለው ግድግዳ ስቀሉት» ሊላችሁ ይችላል። ለአውሮፓ ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ናት፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ለእኛ የሚበጀው ዓመቱን ሙሉ ጥላ የማይለየው በረንዳ ነው።

በረንዳችሁ የሚያሳየው ቁጥር በዜና ከሰማችሁት ቢለይም አትገረሙ። የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚነግራችሁ የጣቢያውን ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ የሁለት ወቅት ያህል ልዩነት አለ።

ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የፀሐይና የደመና ሥዕል ግን ብዙ አትመኑት። ቀላሎቹ መሣሪያዎች ሥዕሉን የሚገምቱት ከአየር ግፊት መውጣትና መውረድ ነው። እኛ ባለንበት የምድር ክፍል ግፊቱ ዝናብ ኖረም አልኖረም በቀን ሁለት ጊዜ በራሱ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ በጠዋትና በማታ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፣ በሌሊትና በቀን 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። ከሰዓት በኋላ ደመና የሚሥልላችሁ አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ብቻ ነው።

ጠዋት ላይ መዝገቡን ማንበብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ጠዋት ቡና እየተፈላ ፋይሉን ክፈቱና ከማታው 2 ሰዓት እስከ ንጋት 1 ሰዓት ያለውን በመስመር አስቀምጡት። መጀመሪያ የምታዩት ነገር፣ ቅዝቃዜው የሚበረታው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ፀሐይ ልትወጣ ስትል፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት አካባቢ መሆኑ ነው። ወላጅ ልጁን ለመጨረሻ ጊዜ አይቶ የሚተኛው በ4 ወይም በ5 ሰዓት ነው። «ደህና ነው፣ ይሞቃል» የሚለው ፍርድ የተሰጠው ሌሊቱ ገና ሳይጀምር ነው ማለት ነው።

ስንት ዲግሪ ነው መልካሙ? የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያኑ 2018 ባወጣው የመኖሪያ ቤትና የጤና መመሪያ፣ ብርድ ባለባቸው አገሮች በቀዝቃዛው ወቅት ለአብዛኛው ሰው የቤት ውስጥ ሙቀት ቢያንስ 18 ዲግሪ ቢሆን ይመክራል። ለሕፃናትና ለአረጋውያን ከዚያ ከፍ ማለት ሊያስፈልግ ይችላል ይላል። መዝገባችሁ 17 ቢያሳይ አትደንግጡ፤ ለአንድ ሰዓት 17 መሆንና ለሰባት ሰዓት 14 መሆን ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስክሪኑ ይህን ልዩነት አያሳይም፤ መዝገቡ ያሳያል።

ሁለተኛው እርጥበት ነው። ብዙ ሰው ጠዋት ላይ እርጥበቱ አድጎ ሲያይ ውሃ ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። ከየትም ላይመጣ ይችላል። 22 ዲግሪ ላይ እርጥበቱ 50 በመቶ የነበረ አየር፣ ጠብታ ውሃ ሳይጨመርበት ወደ 15 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ እርጥበቱ 77 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ የቀዘቀዘ አየር የሚይዘው ውሃ ትንሽ ነውና። በዚያ ላይ በጠባብ ክፍል ውስጥ አራት ሰው ሲተነፍስ ያድራል። እርጥበቱ ለረጅም ሰዓት ከ60 በመቶ በላይ የሚቆይበት ክፍል ለሻጋታና ለአቧራ ተባይ ይመቻል፤ አስም ላለበት ልጅ ደግሞ ሁለቱም አይበጁም።

ሌላ ምሳሌ ልስጣችሁ። ክፍሉ 18 ዲግሪና 70 በመቶ እርጥበት ቢሆን፣ 12 ዲግሪ ገደማ የሆነ ማንኛውም ግድግዳ ላይ ውሃ ማዝነብ ይጀምራል። ያ ግድግዳ የትኛው ነው? ብዙ ጊዜ ቁም ሣጥን የተለጠፈበት፣ ከውጭ የሚዋሰነው የብሎኬት ግድግዳ ነው። «ቀለም ቀብተነው እንደገና ጠቆረ» የሚባለው ቦታ። መፍትሔው ሌላ ቀለም ሳይሆን ቁም ሣጥኑን አንድ ስንዝር ማራቅና አየር ማሳለፍ ሊሆን ይችላል።

መዝገቡ ያሳያችሁን ለማስተካከል የሚደረገው ነገር ቀላልና ርካሽ ነው። ቀን ፀሐይ ባለበት ሰዓት መስኮት ክፈቱ፤ ከ10 ሰዓት በፊት ዝጉ። ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ። በበር ሥር ያለውን ክፍተት ድፈኑ፤ አየር ማስገቢያውን ግን አትድፈኑ። የልጁን አልጋ ከውጭው ግድግዳ አርቁ። በየተራ፣ አንዱን በአንድ ሌሊት ሞክሩና ጠዋት መዝገቡን እዩ። የትኛው ሁለት ዲግሪ እንደጨመረና የትኛው ምንም እንዳልለወጠ ታውቃላችሁ። ሕፃን ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አደራ፦ ሕፃንን ከመጠን በላይ መሸፋፈንም የራሱ አደጋ አለው፤ ፊቱን የሚሸፍን ልቅ ብርድ ልብስ አይደረግ።

መዝገቡ የማያየው ነገር

እባካችሁ ይህችን ክፍል ሳትዘሉ አንብቧት። ክፍሉ ቀዝቃዛ መሆኑን ያወቀ ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ ከሰል ማስገባት ሊሆን ይችላል። ከሰል ክፍሉን ያሞቀዋል። በመዝገቡ ላይም ያምራል፤ መስመሩ ከ14 ተነስቶ 20 ይደርሳል፣ እርጥበቱም ይወርዳል። ሳጥኑ በዚያ ሌሊት ደህና ነገር ብቻ ነው የሚያወራው።

ከሰሉ የሚያወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሳጥኑ አይለካውም። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም። «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው» ማለትም መድኅን አይሆንም፤ ጋዙ የሚወጣው ከፍሙም ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይጀምራል፤ የተኛ ሰው ደግሞ እነዚህንም ሳያውቅ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በመኝታ ክፍል የከሰል ምድጃ አይደር። ይህን ጋዝ ብቻ የሚለይ ሌላ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ አለ፤ የሙቀት ሳጥናችን ግን እሱን አይተካም። የሚለካውን የምናምነውን ያህል የማይለካውንም ማወቅ አለብን።

የጎረቤት ሳጥን ሲያወራ

ፕሮግራሙን ከፍታችሁ ጥቂት ስትቆዩ፣ የእናንተ ያልሆነ መለያ ቁጥር ብቅ ሊል ይችላል። የጎረቤት ቴርሞሜትር ነው። አንዳንዴ ደግሞ በመንገድ የሚያልፍ መኪና ይመጣል። የጎማ ግፊት መቆጣጠሪያ ያላቸው ብዙ መኪኖች የጎማቸውን ግፊት ከነመለያ ቁጥሩ በዚሁ መስመር ይናገራሉና። የአውሮፓ ኅብረት ከኅዳር 2014፣ በእነርሱ አቆጣጠር፣ ጀምሮ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ይህ መሣሪያ እንዲኖረው ግዴታ አድርጓል።

ቀደም ብዬ «ሳጥኑ በግልጽ ነው የሚናገረው» ያልኩት እዚህ ላይ ይመጣል። ለእናንተ የጠቀመው ግልጽነት ለሌላውም ክፍት ነው። የአንድ ክፍል ሙቀት ብዙ ምሥጢር የለውም። የሳምንታት መዝገብ ሲሆን ግን ቤተሰቡ መቼ እንደሚወጣ፣ መቼ እንደሚመለስ ፍንጭ ይሰጣል። ስለዚህ በቤታችሁ ሕግ አውጡ፤ የምናስቀምጠው የራሳችንን መለያ ቁጥር ብቻ ነው፣ የሌላው ይሰረዛል። መቀበያው ሌሎች ሞገዶችንም መስማት ይችላል፤ መስማት መቻል ግን የመስማት ፈቃድ አይደለም። ልጆች በስልካቸው የሰው ፎቶ ከማጋራታቸው በፊት ይህችን ትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ ቢያገኟት ዕድሜ ልክ ትጠቅማቸዋለች።

ለራሳችሁም አንድ ጥቅም አላት። በዚሁ መስመር ከሚሠሩ ርካሽ የግቢ በር ሪሞቶች ውስጥ በተጫኑ ቁጥር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ኮድ የሚልኩ አሉ፤ አንዴ የሰማው ሰው ሊደግመው ይችላል። ሪሞት ስትገዙ «ኮዱ በተጫነ ቁጥር ይቀያየራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከአሜሪካ ለሚመጣ ስጦታ

ብዙዎቻችን ዕቃ የምናስመጣው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እጅ ስለሆነ ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው። በአሜሪካ ከሚሸጡ የአየር ሁኔታ ሳጥኖች ብዙዎቹ 915 ሜጋኸርዝ ላይ ይሠራሉ። እዚያ ከ902 እስከ 928 ያለው መስመር ለዚህ የተፈቀደ ነው። በእኛ ክልል ግን ይህ መስመር የሞባይል ስልክ ሰፈር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ «433 የሚለውን አምጡልን» በሏቸው። መቀበያውም ሆነ ሳጥኑ የራዲዮ ዕቃ ስለሆነ፣ ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ስለ አገባቡ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንንና ጉምሩክን መጠየቅ ቦሌ ላይ ከመከራከር ይሻላል።

እንግዲህ በዚህ ወር አንድ ሳምንት ብቻ ሞክሩት። ሰባት ሌሊት፣ አንድ ክፍል፣ አንድ መዝገብ። መቀበያው እስኪመጣ መጠበቅ ካልፈለጋችሁ፣ ያላችሁን ስክሪን ማታ ስትተኙና ንጋት 12 ሰዓት ላይ አይታችሁ በወረቀት ጻፉ፤ ሁለት ቁጥርም ከምንም ይሻላል። በሰባተኛው ቀን ቤተሰቡን ሰብስባችሁ ወረቀቱን መሐል ላይ አስቀምጡ። «ልጁን አልብሱት» ያሉት እናት ትክክል ሆነው ቢገኙ፣ እንደሚሆኑም እገምታለሁ፣ ቁጥሩን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ሙቀትና ጤና ከቤታችሁ አይለይ።